«ኦቨርሎድ» ሲባል የተጫነው ማን ነው? ቃሉን ለሚጽፉና ለሚተረጉሙ የተዘጋጀ መመሪያ

«ኦቨርሎድ» ከእንግሊዝኛ መጥቶ አማርኛ ውስጥ ቤት ከሠራ ሰንብቷል። ሹፌሩም፣ ኤሌክትሪሽያኑም፣ መምህሩም፣ ነርሷም፣ ኮድ የሚጽፈው ልጅም ይሉታል። ሁሉም የሚሉት ግን አንድ ነገር አይደለም። መዝገበ ቃላት ስትገልጡ «ከመጠን በላይ መጫን» የሚል ፍቺ ታገኛላችሁ። ፍቺው ስህተት የለበትም፤ ስህተቱ የሚመጣው ያንኑ ይዞ ባገኙት ቦታ ሁሉ መለጠፍ ሲጀመር ነው። «ታካሚው በብረት ከመጠን በላይ ተጭኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚወለደው እንዲህ ነው። አንባቢው ፌሮ ተሸክሞ ሆስፒታል የገባ ሰው ይታየዋል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ቃሉን እንግሊዝኛ ላይ አንብቦ ለመረዳት፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ በትክክል ለመጠቀም፣ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ደግሞ ለየቦታው የሚስማማውን ለመምረጥ ይረዳል። ከቻላችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ሂዱ፤ ኋላ የሚመጡት የመጀመሪያውን ተደግፈው ነው የሚቆሙት።

አንደኛ፦ ተሸካሚውን ፈልጉ

«ሎድ» ጭነት ነው፤ «ኦቨር» ደግሞ ማለፍን፣ ከላይ መሆንን ያሳያል። ጭነት ካለ የሚሸከም አለ፤ የሚሸከም ካለ ልክ አለው። ስለዚህ ቃሉን ባያችሁ ቁጥር ሦስት ጥያቄ አንሱ። የተሸከመው ማን ነው? ልኩን ማን ወሰነው፣ በምንስ ይለካል? ልኩ ሲታለፍ ምን ይከተላል? ለሦስቱም መልስ ከተገኘ ቃሉ በሙሉ ትርጉሙ ገብቷል ማለት ነው። አንዱ መልስ ካጣ ወይ የአንድ ሙያ ልዩ ፍቺ አጋጥሟችኋል፣ ወይ ጸሐፊው ለማጋነን ብቻ ተጠቅሞበታል።

ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሁለተኛው ነው። «ልክ» ሲባል ሰው አንድ ቋሚ ቁጥር ያስባል፤ መርከብ ላይ ያለው ነገር ግን ከዚህ ይሰፋል። በጭነት መርከብ ጎን ላይ ክብ ተቀብቶ፣ በመካከሉ አግድም መስመር ሲያልፍ ይታያል። ይህ ምልክት የሚጠራው በእንግሊዛዊው የፓርላማ አባል በሳሙኤል ፕሊምሶል ስም ነው። ሰውየው ትርፍ ተጭነው የሚሰጥሙ መርከቦችን ጉዳይ ይዞ ሲሟገት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣው የብሪታንያ የንግድ መርከብ ሕግ ምልክቱን ግዴታ አደረገው። ቀልዱ ግን ያኔ መስመሩ የሚቀባው ባለመርከቡ በመረጠው ከፍታ መሆኑ ነበር፤ ቦታውን ሕግ የወሰነው በ1890 ነው። ልኩን የሚወስነው ጫኚው ራሱ እስከሆነ ድረስ ማንም ኦቨርሎድ አይሆንም። «ማን ወሰነው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ የምወተውተው ለዚህ ነው።

ከክቡ አጠገብ ደግሞ አጫጭር መስመሮች አንዱ ካንዱ በላይ ተሰምረዋል። አንዱ ለበጋ ነው፣ አንዱ ለክረምት፣ አንዱ ለሞቃታማ ባሕር፣ አንዱ ለሰሜን አትላንቲክ ክረምት፣ ሁለቱ ደግሞ ጨው ለሌለው ውሃ። የባሕር ውሃ ጨው ከሌለው ውሃ በ2.5 በመቶ ያህል ስለሚከብድ ያው መርከብ ያንኑ ጭነት እንደያዘ ከወንዝ ወደ ባሕር ሲወጣ ከፍ ይላል። ለሞቃታማ ባሕር የተፈቀደ ጭነት በሰሜን አትላንቲክ ክረምት ትርፍ ይሆናል። ስለዚህ ጭነቱን ብቻ አይቶ ኦቨርሎድ ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም፤ ተሸካሚውንና ያለበትን ሁኔታ አብሮ ማየት ግድ ነው።

ሁለተኛ፦ ሰዋስዉን አስተካክሉ

አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲጽፍ እዚህ ላይ ይደናቀፋል። በአማርኛ «ጫነ» የሚለው ግስ ጭነቱን ይይዛል፦ «ሲሚንቶውን መኪናው ላይ ጫነ»። መኪናው «ላይ» ተጨምሮለት ወደ ዳር ይወጣል። የእንግሊዝኛው «ሎድ» ሁለቱንም መንገድ ይፈቅዳል፤ ሲሚንቶውንም መኪናውንም ተሳቢ ማድረግ ይቻላል። «ኦቨርሎድ» ግን የሚይዘው ተሸካሚውን ብቻ ነው። የሚበዛበት መኪናው ነው እንጂ ሲሚንቶው አይደለም፤ ሲሚንቶው የሚመጣው «ዊዝ» ከሚለው መስተዋድድ በኋላ ነው። ከግሱ ቀጥሎ ሲሚንቶውን ብትጽፉ እንግሊዛዊው አንባቢ ሲሚንቶው ራሱ ምን ተሸክሞ ነው ብሎ ይቆማል።

አነጋገሩም ይለያያል። አማርኛ «አለ»ን በማጥበቅና በማላላት ሁለት ቃል እንደሚያደርገው፣ እንግሊዝኛም ይህን ቃል በድምፅ ጉልበት ይለየዋል። ስም ሲሆን ጉልበቱ «ኦ» ላይ ያርፋል፤ ግስ ሲሆን «ሎድ» ላይ። «ሪኮርድ» እና «ፐርሚት» በሚሉት ቃላትም የሚሠራው ይኸው ልማድ ነው።

ስለራሳችሁ ስትናገሩ ደግሞ ቅርጹ «ኦቨርሎድድ» ነው። በአማርኛ ወሬ «ዛሬ ኦቨርሎድ ነኝ» ማለት ምንም አይደለም፣ ሁሉም ይለዋል። እንግሊዝኛው ውስጥ እንዳለ ከገባ ግን ሰውየው ራሱን ትርፍ ጭነት ነኝ ያለ ይመስላል።

ስም ሆኖ ከሌላ ስም ጋር ሲጣመር አንድ ወጥመድ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስተው እሱ ነው። «ሰርኪት ኦቨርሎድ»፣ «ሰርቨር ኦቨርሎድ»፣ «አክስል ኦቨርሎድ» በሚሉት ውስጥ ቀድሞ የመጣው ቃል ተሸካሚው ነው፦ የተጫነው መስመሩ፣ ሰርቨሩ፣ አክስሉ (ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) ነው። «ኢንፎርሜሽን ኦቨርሎድ» እና «አይረን ኦቨርሎድ» ላይ ግን ቀድሞ የመጣው ጭነቱ ነው፤ ተሸካሚው አልተጠራም። ቅርጻቸው አንድ ነው፣ ሚናቸው ተገላቢጦሽ። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት «በብረት የተጫነ ታካሚ» የተፈጠረው ይህን ባለመለየት ነው። ጥምር ቃል ሲያጋጥማችሁ ወደ አማርኛ ከመሄዳችሁ በፊት «የመጀመሪያው ቃል ይሸከማል ወይስ ይከብዳል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ከዘመዶቹ ለዩት

እንግሊዝኛ ለከባድ ሸክም ብዙ ቃል አለው፤ ሁሉም ቦታ ቦታ አላቸው።

«ኦቨርበርደን» ግስ ሲሆን ወደ ሰውና ወደ ተቋም ያደላል። ኃላፊነት፣ ዕዳ፣ ግብር፣ ሐሳብ ትከሻን ሲያጎብጥ የሚነገር ነው። «ኦቨርሎድ» በኪሎ ወይም በአምፒር የሚለካ ነገር ሲሸት፣ «ኦቨርበርደን» የሰው ላብ ይሸታል። ስም ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፤ በማዕድን ሥራ «ኦቨርበርደን» ማለት ማዕድኑን ከላይ የሸፈነው፣ ቁፋሮ ሲጀመር የሚነሳው አፈርና ድንጋይ ነው። «ኦቨር» እዚያ መብዛትን ሳይሆን ከላይ መሆንን ብቻ ያሳያል። ትርፍ የለም፣ የተጨነቀ ሰውም የለም። በማዕድን ሪፖርት ላይ «ከመጠን በላይ የሆነ ሸክም 40 ሜትር ነው» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ግራ አጋብቶታል፤ «ማዕድኑን የሸፈነው አፈርና ድንጋይ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይበቃል።

«ኦቨርዌልም» ሌላ ነው። ጥንተ ትርጉሙ መገልበጥ ነው። ኦቨርሎድ የሆነ ነገር እያቃሰተም ቢሆን ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ በኦቨርዌልም ግን ተሸካሚው ተረትቷል። ለዚህ አማርኛችን «አጥለቀለቀው» አለው፣ «ከአቅሙ በላይ ሆነበት» አለው። ለደስታም ይሆናል፤ «ደስታ አጥለቀለቃት» ማለት ይቻላል፣ «ደስታ ኦቨርሎድ አደረጋት» ግን ቀልድ ካልሆነ አይባልም።

«ኦነረስ» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ የሚሠራ ስህተት ገንዘብ ያስከፍላል። ቃሉ ሸክም ከሚለው የላቲን «ኦኑስ» የመጣ ቅጽል ሲሆን የሚገልጸው ጭነቱን ነው፣ ተሸካሚውን በፍጹም። ግዴታ፣ የውል አንቀጽ፣ ሥራ ኦነረስ ይሆናል፤ ሰው አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውል ውስጥ ነው፤ አንድ ግዴታ ለፈጻሚው ከባድና ወጪው የበዛ ሆኗል ለማለት። ተርጓሚው ቸኩሎ «ከአቅም በላይ የሆነ ግዴታ» ቢለው ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ ያምራል። ነገር ግን በአማርኛ የሕግ አጻጻፍ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የራሱ የቆመ ትርጉም አለው፦ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ባለዕዳውን ፈጽሞ እንዳይፈጽም የሚያግድ ነገር ነው፤ ባለዕዳውን ከኃላፊነት እስከ ማውጣት ይደርሳል። ግዴታው የከበደበት ሰው ደግሞ አልታገደም፤ ወጪው በዛበት እንጂ። «ከበደኝ» እና «አልቻልኩም» በፍርድ ቤት ፊት አንድ አይደሉም። ውል ውስጥ ኦነረስን «ከባድ»፣ «ጫናው የበዛ» ወይም «አስጨናቂ» በሉት፤ «ከአቅም በላይ»ን ለባለቤቱ ተዉለት።

የቀሩት ቶሎ ያልፋሉ። «ኦቨርዌይት» ክብደቱ ያለፈውን ዕቃ ይመለከታል፤ የአየር መንገድ ሚዛን ላይ የወጣ ሻንጣ ኦቨርዌይት ነው፣ ኦቨርሎድ ሊሆን የሚችለው አውሮፕላኑ ነው። «ኦቨርቻርጅ» ባትሪ ላይ ከሆነ ከልክ በላይ መሙላት፣ ሂሳብ ላይ ከሆነ አስበልጦ ማስከፈል ነው። «ሰርቻርጅ» ተጨማሪ ክፍያ ነው። «ሎድድ» የተባለ ጥያቄ የበዛበት ጥያቄ አይደለም፤ ያልተረጋገጠ ነገር በሆዱ ይዞ የሚመጣ ጥያቄ ነው፣ «መስረቅ ተውክ ወይ?» እንደሚለው። «አዎ» ብትሉም «አይ» ብትሉም ሌባ ናችሁ።

አራተኛ፦ ልኩ የምን ልክ እንደሆነ ወስኑ

አማርኛ መምረጥ የሚጀመረው እዚህ ነው። «ልክ» ስንል አቅም ማለታችን ሊሆን ይችላል፣ ወይም ፈቃድ፣ ወይም መደበኛ መጠን። «ከአቅም በላይ»፣ «ከተፈቀደው በላይ»፣ «ከመደበኛው በላይ» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ «ከመጠን በላይ» ሦስቱንም ደባልቆ ይሸፍናቸዋል። ለዚያ ነው የማልወደው።

መንገድ ላይ የሚነገረው ኦቨርሎድ በአብዛኛው የፈቃድ ነው። ለዚህ አማርኛ የራሱ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ ትርፍ። «ትርፍ ጭኗል» ሲባል ሰውም ይሁን ዕቃ ሁሉም ይገባዋል፤ «ከአቅም በላይ ጭኗል» ከማለት ያጥራል፣ ይበልጥም ትክክል ነው። ሕግ የሚፈቅደው ክብደት ብረቱ ከሚሰበርበት ክብደት በታች ስለሆነ ትርፍ የጫነ መኪና ሁሉ ከአቅሙ በላይ ጭኗል ማለት አይደለም። ጽሑፉ ስለ አክስል የሚያወራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የመኪናው ጠቅላላ ክብደት በተፈቀደው ውስጥ ሆኖ፣ ዕቃው ወደ ኋላ ስለተከመረ ብቻ የኋላው አክስል ትርፍ ሊሸከም ይችላል። እንዲህ ያለውን «መኪናው ትርፍ ጭኗል» ብሎ መተርጎም ሹፌሩን በሐሰት መክሰስ ነው፤ «የኋላው አክስል ላይ ያረፈው ክብደት ከተፈቀደው በለጠ» ይባል።

መምህራን «ኦቨርሎድ አለኝ» ሲሉ የመደበኛ መጠን ነው። ከተመደበላቸው የማስተማሪያ ሰዓት በላይ ያስተምራሉ፣ ተጨማሪ ይከፈላቸዋል። ሊደክሙ ይችላሉ፣ ቃሉ ግን ያንን አይናገርም። «ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ» ወይም «ከመደበኛው በላይ የማስተማር ሰዓት» በሉት። «ጫና» የሚል ቃል ከገባ ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ወደ አቤቱታ ይለወጣል።

ኤሌክትሪክ ላይ ልኩ በእርግጥ የአቅም ነው። ተሸካሚው ሽቦው ነው፣ መለኪያው አምፒር፣ ውጤቱ ሙቀት። ሂሳቡ ቀላል ስለሆነ ጽሑፍ ስትተረጉሙ ራሳችሁ ልታጣሩት ትችላላችሁ፤ ዋቱን በቮልት ማካፈል ነው። በ230 ቮልት ላይ 10 አምፒር የሚችል ማከፋፈያ 2,300 ዋት ይሸከማል። 2,000 ዋት የሚወስድ የውሃ ማፍያና 1,000 ዋት የሚወስድ ካውያ አብረው ቢሰኩበት 3,000 ዋት፣ ማለትም 13 አምፒር ያህል ይስባሉ። ኦቨርሎድ ይህ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሄደው በተሠራለት መንገድ ነው፣ ግን በዝቶ ሄደ። «ሾርት» ወይም በተለምዶ «ኮንታክት» የምንለው ግን ኤሌክትሪኩ መንገዱን ስቶ በአቋራጭ ሲገናኝ ነው። የዜና ጽሑፍ ሁለቱን አዘውትሮ ያደባልቃል።

ልዩነቱ አደጋ ሲመጣ መስመሩን በራሱ በሚያጠፋው ብሬከር ሆድ ውስጥ በዓይን ይታያል። ለኦቨርሎድ የሚሠራው ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ስስ ዘንግ ሲሆን ሲሞቅ ቀስ ብሎ ይጎብጥና ማብሪያውን ይለቃል። ለሾርት የሚሠራው ጥቅል ሽቦ ነው፤ በማግኔት ኃይል ወዲያው ይመታዋል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እስከ 63 አምፒር ላሉ የቤት ብሬከሮች ባወጣው ደረጃ መሠረት ብሬከሩ ከተጻፈበት አምፒር 1.13 እጥፍ ሲያልፍበት ለአንድ ሰዓት መቆየት አለበት፤ 1.45 እጥፍ ሲያልፍበት ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጥፋት አለበት። ከላይ ያለው 13 አምፒር በ10 አምፒር ብሬከር ላይ 1.3 እጥፍ ስለሆነ በመካከሉ ይወድቃል፤ ሊጠፋም ላይጠፋም ይችላል፣ ሽቦው ግን መሞቁን አያቆምም። ስለዚህ የምትተረጉሙት ጽሑፍ «በኦቨርሎድ በቅጽበት ፈነዳ» ካለ ተጠራጠሩ፤ ምናልባት ጸሐፊው ሊል የፈለገው ሾርት ነው።

ሕክምና ላይ «ጭነት» የሚለውን ሐሳብ ጨርሶ ተዉት። አይረን ኦቨርሎድ የሚከሰተው ሰውነት ትርፍ ብረት ማስወጫ መንገድ ስለሌለው ነው። በቀን የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። አንድ ከረጢት ደም ደግሞ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ይገባል፤ ደም ደጋግሞ የሚሰጠው ታካሚ ጉበቱና ልቡ ውስጥ ብረት የሚጠራቀመው በዚህ ሂሳብ ነው። የሆነው ነገር መጠራቀም ነውና «በሰውነት ውስጥ የብረት ክምችት መብዛት» ማለት ይስማማል። «ፍሉይድ ኦቨርሎድ» የሚባለውም እንዲሁ፦ «ሰውነት ውስጥ ፈሳሽ መብዛት»።

ሥራን በሚመለከት አማርኛ ራሱ ያጠመደው ወጥመድ አለ። «ወርክሎድ»ም «ኦቨርሎድ»ም «የሥራ ጫና» ተብለው ይተረጎማሉ። ወርክሎድ ግን ገለልተኛ ነው፤ ቀላልም ሊሆን ይችላል። አንድ ሪፖርት ውስጥ ሁለቱ አብረው ከመጡ የመጀመሪያውን «የሥራ መጠን»፣ ሁለተኛውን «የሥራ ጫና» ብላችሁ ለዩ። በንግግር ላይ «ሥራ ተደራረበበት» ከሁሉም ይሻላል፣ ሰውየው ሳይጠፋ ጭነቱ ይታያልና። ካይዘን የተባለውን የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የተማሩ «ሙሪ» የሚሉት የጃፓንኛ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ኦቨርበርደን» የሆነው ነው፤ ሰውን ወይም ማሽንን ያለ አቅሙ ማሠራት። ብክነትን ከሚለው «ሙዳ» እና አለመመጣጠንን ከሚለው «ሙራ» ጋር አብሮ ስለሚሄድ እንዳለ ተዉት።

ለኔትወርክ «ተጨናንቋል» የሚለው ሕዝብ ራሱ የመረጠው ነው፣ ምንም አትንኩት። ሰርቨር ለጊዜው ከሚችለው በላይ ጥያቄ ሲመጣበት 503 የሚል መልስ ይሰጣል፤ ያንንም «ሰርቨሩ ተጨናንቋል» ብትሉት ያስኬዳል።

«ኢንፎርሜሽን ኦቨርሎድ» ላይ የተሻለው የቱ እንደሆነ መከራከር ይቻላል። ሐረጉን አሜሪካዊው የአስተዳደር ምሁር በርትራም ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1964 ተጠቅሞበታል፤ በ1970 ደግሞ አልቪን ቶፍለር በሰፊው ለሚነበብ መጽሐፉ ሲወስደው አደባባይ ወጣ። «የመረጃ ጎርፍ» ውብ ነው፣ ግን የሚናገረው ስለ ጎርፉ ነው፤ ከሥር ስለቆመው ሰው አይናገርም። የቃሉ ጉዳይ ግን የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር መሆኑ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰባት ገደማ ብሎ ነበር፣ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ወደ አራት ዝቅ አድርገውታል። እኔ «የመረጃ ጋጋታ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ጋጋታ ሲባል ጆሮው የደነቆረ፣ የቱን እንደሚሰማ የጠፋው ሰው አብሮ ይመጣል።

አምስተኛ፦ ትርፍ የሌለበትን ኦቨርሎድ ዝለሉት

በፕሮግራሚንግ «ፈንክሽን ኦቨርሎዲንግ» ማለት ለተለያዩ ሥራዎች አንድ ስም መስጠት ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ «ደምር» የሚል አንድ ስም ለሙሉ ቁጥርም ለጽሑፍም ሊውል ይችላል፤ የትኛው እንደተፈለገ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ፕሮግራም) የተላኩለትን ዋጋዎች ዓይነትና ብዛት አይቶ ይወስናል። የተጨነቀ የለም፣ የበዛ የለም። «ኦቨርሎዲንግ» ብላችሁ ተዉትና በአንድ መስመር አስረዱ። አንድን ቃል «ኦቨርሎድድ» ሲሉት ከዚሁ የሚቀርብ ነገር ነው፤ ብዙ ፍቺ ተሸክሟል ለማለት ነው።

ስፖርት ላይ ደግሞ ኦቨርሎድ ግብ ነው። «ፕሮግረሲቭ ኦቨርሎድ» ጡንቻ ከለመደው ትንሽ በለጥ ያለ ክብደት እየጨመሩ ማሠራት ነው። ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ ወታደራዊ ሐኪም በ1940ዎቹ ጉዳት የደረሰባቸውን ወታደሮች መልሶ ለማጠንከር በዚህ መንገድ ሠርቷል። ልኩ ልምድ ነው፤ አቅም አይደለም። «ከመጠን በላይ ክብደት አንሱ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ወገቡን ሊያሰብረው ይችላል። «ክብደቱን ቀስ በቀስ መጨመር» በቂ ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሕፃን ወይም ቡችላ ሥር የሚጻፈው ኦቨርሎድም አለ። እሱ አድናቆት ነው፤ «ማማሩ አይጣል ነው!» ብላችሁ እለፉት።

ስድስተኛ፦ መመለስ ወይስ መተው?

ባለሙያ ለባለሙያ ሲጽፍ «ኦቨርሎድ» እንዳለ ቢቀር አይጎዳም፤ ኤሌክትሪሽያን «የመስመር ከአቅም በላይ መጫን» ብሎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ለሕዝብ በሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ላይ ግን ማድረግ ያለበትን በቀጥታ ንገሩት። ቃሉ የመሣሪያ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ከሆነ በጽሑፉም «ኦቨርሎድ» መባል አለበት፣ ሰውየው የሚያየው መብራት ሥር ያለው ጽሑፍ እሱ ነውና። አዲስ ቃል ከግዕዝ ፈልፍሎ ማውጣት ያምራቸዋል አንዳንዶች፤ ለግጥም ይሁንላቸው።

አንድ የፋብሪካ ማስታወቂያ ሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቃሉን ሦስት ጊዜ ተጠቅሞ መጣ እንበል። መደርደሪያውን ኦቨርሎድ አታድርጉ፣ ኦቨርሎድ የሆነ ሠራተኛ ለኃላፊው ያሳውቅ፣ የኦቨርሎድ መብራት ሲበራ ማሽኑ በራሱ ይቆማል ይላል። እኔ እንዲህ እመልሰዋለሁ፦ «መደርደሪያው ላይ ከተጻፈው ክብደት በላይ አትደርድሩ። ሥራ የበዛበት ሠራተኛ ለቅርብ ኃላፊው ይንገር። የኦቨርሎድ መብራት ሲበራ ማሽኑ በራሱ ይቆማል።» በመጀመሪያው ልኩ የተጻፈ ስለሆነ ወደ ጽሑፉ ጠቆምኩ፤ በሁለተኛው ሰውየውን አስቀደምኩ፤ በሦስተኛው ቃሉን ተውኩት። አንድ ቃል ሦስት ቦታ ሦስት ሲሆን ወጥነት ጎደለ የሚል አርታኢ ይኖራል። ተሸካሚዎቹ ሦስት እንደሆኑ አሳዩት።

ሰባተኛ፦ ቁጥሩን አጣሩ

ኦቨርሎድ ከመቶኛ ጋር ሲመጣ እርሳስ አንሱ። «በ20 በመቶ ኦቨርሎድ» እና «120 በመቶ ሎድ» አንድ ነገር ናቸው፦ 10 ቶን የተፈቀደለት 12 ቶን ይዟል። ሁለቱን አጋጭቶ «የ120 በመቶ ትርፍ ጭኗል» ብሎ መጻፍ ግን 22 ቶን ማድረግ ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ባይ» የሚል መስተዋድድ ካለው ቁጥሩ ትርፉን ብቻ ይናገራል፤ «ቱ» ወይም «አት» ካለው ጠቅላላውን። ካላስተማመናችሁ መቶኛውን ትታችሁ ቶኑን ጻፉ።

ስህተቱ ጭነቱ ላይ አይቆምም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ኦታዋ አጠገብ በተሠራ የሙከራ መንገድ ላይ የጭነት መኪናዎች ያለማቋረጥ ተነድተው በተገኘው ውጤት መነሻነት፣ መሐንዲሶች መንገድ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የአክስሉን ክብደት ወደ አራተኛ ኃይል በማንሳት ይገምቱታል። አክስሉ ላይ የ20 በመቶ ትርፍ ካለ 1.2 አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ ጉዳቱ ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። የ120 በመቶ ትርፍ ተብሎ ከተተረጎመ ግን 2.2 አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል፣ ጉዳቱም ከ23 እጥፍ ያልፋል። ያንን ትርጉም ይዞ የጥገና ወጪ የሚያሰላ መሐንዲስ እንግሊዝኛውን መልሶ አያየውም።